ከልጣጩ በታች ያለው አውራ ጣት

ፖሙ ከእኛ እጅ ሲወጣ ንጹሕ ነው፤ ገዢው ዘንድ ሲደርስ ቡናማ ነጥብ ያወጣል። የነገሩ መነሻ ይኸው ነው። አለቃችን መጀመሪያ ሾፌሮቹን ጠረጠረና ጉድጓድ እየፈለጉ የሚነዱ ይመስል ተቆጣቸው። ቀጥሎ ሳጥኖቹን ጠረጠረና ስፖንጅ አስነጠፈባቸው። ነጥቡ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ፊቱን ወደ እኛ ወደ ለቃሚዎቹ አዞረ።

ሥራችን ለማየት ቀላል ነው። ፖሙ ከገንዳው ታጥቦ ይወጣል፤ በማሽን ነፋስ ይደርቃል፤ ከዚያ በኮንቬየሩ ላይ ግራና ቀኝ በሁለት መስመር እየተንከባለለ በፊታችን ያልፋል። በግራ አራት፣ በቀኝ አራት ሆነን እንቆማለን። የበሰበሰውን፣ የተሰነጠቀውን፣ ትል የገባበትን፣ ቀለሙ ያልሞላውን እያነሳን ወደ ጎን እንጥላለን። የቀረው ወደ ካርቶን ይሄዳል። ማውራት ይቻላል። ቀና ማለት ግን አይቻልም፤ ቀና ባልሽበት ቅጽበት የበሰበሰው ያልፍሻል።

በግራ በኩል የመጀመሪያዋ እታለም ናት፤ ታላቅ እህቴ። እናታችን ስትሞት እኔ ጥርሴን እንኳ አልቀየርኩም ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከሷ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ ራዲዮ። እናት አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ማሽኑ ሲቆም እንኳ የሷ አፍ ስለማይቆም ነው ራዲዮ ያልናት። መጨረሻ ላይ የራዲዮ ምራት ትቆማለች፤ በአማቷ ፊት ለመናገር ተራ ደርሷት የማያውቅ ልጅ ናት።

እታለም ከፊቴ የቆመችው በአጋጣሚ አይደለም። ዐይኗ እየጠፋ ነው። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው እንዲቆይ ግን ጠብታ አድርጊ አላት። ጠብታውን ማታ ማታ የማደርግላት እኔ ነኝ። ነገሩን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር። ዐይኗ መዳከም ሲጀምር የመጀመሪያው ቦታ የኔ ነበር። የማድረቂያው ነፋስ ትከሻዬን መታኝ ብዬ አሳበብኩና ተቀያየርን። ከኋላዋ ሆኜ ያለፋትን አነሳለሁ። ይህን አታውቅም ነበር፤ እኔም አልነገርኳትም።

እሷ ደግሞ የራሷን ዘዴ አበጀች። ዐይኗ ሲያስቸግራት በአውራ ጣቷ መለየት ጀመረች። ፖሙን አንስታ ከአንገቱ ዝቅ ብላ ጫን ታደርገዋለች። ውስጡ የበሰበሰ እንደሆነ ጣቷ ይነግራታል። የበሰበሰ ፖም ከሷ እጅ አያልፍም ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ "እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ" እላት ነበር።

ካሜራውን ያመጣው አንድ ጎልማሳ ነው። የብረት ሳጥን ይዞ ገባ። መሬት አስቀምጠው ቢሉት እምቢ፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው ቢሉት እምቢ። ሻይ ሲጠጣም ሳጥኑ ጭኑ ላይ ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባለ ሳጥኑ ተባለና ቀረ።

"ሚስቱንም እንዲህ አቅፎ ከያዛት የታደለች ናት" አለች ራዲዮ። ምራቷ ሣቋን ዋጠች።

ባለ ሳጥኑ እኛ ከቆምንበት አለፍ ብሎ፣ ፖሙ ካርቶን ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ከኮንቬየሩ በላይ ጥቁር መጋረጃ ያለው ዳስ ነገር አቆመ። ውስጡ እንደ ምድጃ የሚያቃጥሉ አምፖሎች ደረደረ። ካሜራው ራሱ ከጡጫዬ አይበልጥም። ቦታው ላይ ከመስቀሉ በፊት ወደ እኛ አዞረውና በስክሪን አሳየን።

ጉድ ነው ያየነው። ፊታችን እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ቀይዋም ጠይሟም አንድ ሆናለች። ጸጉራችን ግን ነጭ ነው። የራዲዮ ጥቁር ሹራብ አመድ መስሏል። ባለ ሳጥኑ የውሃ ጠርሙስ አነሳ፤ በስክሪኑ ላይ ጥቁር ቀለም የተሞላ ብልቃጥ ይመስላል።

"አንተ ወንድሜ፣ በአንድ ጠዋት አሸበትከን እኮ። ይኼንን ለባሌ እንዳታሳየው" አለች ራዲዮ።

"ማቅለሚያውን የሚገዛልሽ ማን ሆነና" አልኳት።

እታለም ወደ ስክሪኑ ዞራ ከሰው ጋር ፈገግ ብላ ቆማለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ምንድን ነው የሚታየው?" አለችኝ።

"ሸብተናል።"

"እኔ ድሮም ሸብቻለሁ" አለችና ፈገግታዋን አጠፋች።

ባለ ሳጥኑ ማስረዳት የሚወድ ሰው ነው፤ ሰውን ግን አይንቅም። ዐይናችን የሚያየው ብርሃን አለ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ዐይናችን የማይደርስበት ብርሃን አለ አለን። ስሙ አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ ነው። ሙቀት ነው ወይ የሚያየው ብዬ ጠየቅሁት። "አይ፣ ሙቀት የሚያየው ሌላ ነው። ይኼ የሚያየው ከዕቃው ላይ ተመልሶ የሚመጣውን የመብራቱን ብርሃን ነው። ውሃ ያንን ብርሃን ይጠጣዋል። ስለዚህ ውሃ ያለበት ሁሉ ይጠቁራል።"

ፖም ሲመታ ልጣጩ አይቀደድም አለ። ከሥር ያለው ሥጋ ይፈርጥና ውሃው እዚያው ይንጣለላል። ለኛ ዐይን ቀዩ ቀይ እንደሆነ ነው፤ ቡናማው የሚወጣው ውሎ አድሮ ነው። ካሜራው ግን ቀድሞ ያየዋል።

ከዚህ በፊት የት እንደሠራበትም ነገረን። የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ሠርቷል፤ ቺፑ የሚሠራበት ነገር ለእኛ ድፍን ነው፣ ለካሜራው ግን እንደ መስኮት መስታወት ያሳልፋል፣ ውስጡ ያለውን ስንጥቅ በዚያ ይፈልጋሉ። ሙዚየም ውስጥም ሠርቷል። በአንድ የድሮ ሥዕል ላይ ቢያዞረው ከቀለሙ ሥር ሠዓሊው በመጀመሪያ በከሰል የነደፈው ታየ። አንዲት ሴት እጇን ወደ ላይ አንስታ ነበር፤ ሠዓሊው ኋላ በቀለም ዝቅ አድርጎባታል።

"ተሳስቶ ነበር ማለት ነው?" አለች እታለም።

"ስሕተት እንኳ አይባልም። ሐሳቡን ቀየረ።"

"ያም ሆነ ይህ ሸፍኖት ነበር" አለች። "ሰው የሸፈነውን ማን ጠየቃችሁና ነው የምትገልጡበት?"

ባለ ሳጥኑ ሣቀ። እሷ አልሣቀችም።

በማግሥቱ ጠዋት የለቀምነውን ምሳ እስኪያልፍ አስቆየና በካሜራው ሥር አሳለፈው። አለቃው ከየጎኑ አንድ አንድ ሴት ትምጣና ትይ አለ፤ ኋላ አላየንም እንዳንል። ከግራ የተላክሁት እኔ ነኝ። ክርክር ስለማልፈራ ነው፤ እምቢ ካልኩ እምቢ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

በስክሪኑ ላይ ፖሙ ነጣ ያለ ግራጫ ነው። አንዳንዱ ላይ ጥቁር እድፍ አለ። "ይኼ ከዛፍ ሲወድቅ ነው፤ ሰፊ ነው። ይኼ የሳጥን ጠርዝ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው" እያለ ባለ ሳጥኑ አሳየን። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። ሌላ አመጣ፤ ሌላም አመጣ። በግራ መስመር በመጣው ፖም ላይ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ አንዲት ክብ ጥቁር ነጥብ አለች። ሁሌም አንዲት ናት፤ ሁሌም እዚያው ቦታ ናት።

"ይኼን ዕቃ አልሠራውም" አለ። "ይኼ ሰው ነው። አውራ ጣት ነው።"

አለቃው ወደ እኔ ዞሮ "ከግራ ፖም የሚጫን አለ?" አለኝ።

"እኔ ፖም እንጂ ሰው አልጠብቅም" አልኩት።

"ግድ የለም። ነገ የግራዎቹ አራታችሁ ለየብቻ ትለቅማላችሁ፤ የእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ይታያል። ጣቷ የታየባት ለቃሚ ከዚህ መስመር ትነሳለች።"

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ፖሙ እየተመለሰበት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኗ ተቀምጬ ነገሩን እንዴት እንደማነሳው ጨነቀኝ። ጣትሽ ነው ብላት፣ በምን ልለይ ትለኛለች። በዐይንሽ ልላት ነው?

"ነገ ፖሙን አትጫኚው" አልኳት።

"ለምን?"

"ባለ ሳጥኑ አይወድም።"

"እሱ ደግሞ ምን አገባው? ሳጥኑን አይጠብቅም?" አለች። "በጣቴ እኮ አንድም የበሰበሰ አሳልፌ አላውቅም። ያንን ሰውዬ በጨለማ አቁሚውና ይልቀም እስቲ።"

ትስቃለች። በጣቷ ትኮራለች። ከዚህ ሥራ ብትቀር ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስትዳብስ እንደምትውል ታየኝ፤ ሰው እየመጣ "አይዞሽ" እንደሚላትም ታየኝ፤ እሷ ደግሞ ከዕውርነት ይልቅ አይዞሽን ነው የምትፈራው። እዚያው አውቶቡስ ላይ ወሰንኩ። ነገ እኔም እጫናለሁ። የኔም ጣት ከታየ የማን እንደሆነ በምን ይለያሉ? ሁለት እህትማማች ልማዳችን ነው እላለሁ። ሞኝ ሐሳብ ነው፤ ግን አንዴ ካሰብኩ አሰብኩ ነው።

በማግሥቱ አለቃው ለያየን። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሳጥን ፖም ተሰጠን። እኔ አንዱንም ሳላስቀር ጫንኩት፤ እስኪደክመኝ ጫንኩት። ቀና ብዬ ማንንም አላየሁም።

ከምሳ በኋላ ሰበሰቡን። የእታለም ሳጥን መጀመሪያ አለፈ፤ ያቺው ክብ ነጥብ። የኔ ቀጠለ፤ የኔ ጣት እንደ ጎረምሳ ጡጫ ሰፍቶ ይታያል። አለቃው አፍጥጦ አየኝ። የራዲዮ አለፈ።

የራዲዮም ላይ ጣት አለ።

የምራቷም ላይ አለ፤ እሷማ አንዳንዱን ሁለቴ ተጭናዋለች።

ወደ ራዲዮ ዞርኩ። ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ካወቅኋት ጀምሮ ዝም ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ስክሪኑን አብራኝ ያየችው የቀኟ ሴት ሹክ ብላት መሆን አለበት፤ ማናችንም ግን ከማናችን ጋር አልተመካከርንም ነበር።

"አራታችሁም?" አለ አለቃው። "ፖም ነው የሰጠኋችሁ ወይስ ሊጥ? አራት ሳጥን አበላሻችሁ እኮ።"

ባለ ሳጥኑ ስክሪኑን ወደፊት ወደኋላ እያደረገ ያያል። ክፋት የለበትም፤ ሥራው ሆኖበት ነው። "ሦስቱ አዲስ ናቸው" አለ። "ትናንት ያየሁት ጣት ቀስ ብሎ ነው የሚያርፈው፤ ቦታውን አይስትም፤ ሐኪም ሆድ ሲነካ እንደሚያደርገው ነው። እነዚህ ሦስቱ ከፖሙ ጋር ተጣልተው ነው የተጫኑት። ትናንትና በግራው ፖም ላይ እንዲህ ያለ አልነበረም። ሆነ ብለው ነው።"

እታለም ከኋላችን ቆማ ነበር።

"ለምን ብለው?" አለች።

አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበች።

"ራዲዮ፣ አንቺን ነው የምጠይቅሽ። ለምን ተጫንሽ?"

"እንዲያው… ልማድ ሆኖብኝ ነው እትዬ።"

"ያንቺ ልማድ ማውራት ነው።"

ራዲዮ አንገቷን ደፋች። ምራቷ ጥፍሯን ትበላለች። እታለም ፊቷን ከአንዷ ወደ አንዷ አዞረች፤ ማንን እንደምታይና ማንን እንደማታይ አላውቅም፤ ነገሩ ግን እንደገባት አወቅሁ። ሦስት ሴት የሚዋሽላት ሦስቱም ስለ ዐይኗ ቢያውቁ ነው።

ወደ አለቃው ድምፅ ዞረች። "ጣቱ የኔ ነው። ዐይኔ ከድቶኛል። በጣቴ ነበር የምለየው። ፖሙን እንደሚያበላሽ አላወቅሁም።"

አለቃው ቁጣው ወረደ። "እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ እዚህ ታቆየኝ ነበር?"

"እውነቱን ለመናገር፣ አላቆይዎትም ነበር።"

"እንግዲያው" አለች።

"እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ" አልኩ። ድምፄ አዳራሹን ሞላው።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?" አለችኝ ሳትዞር። ሽርጧን ፈታች፣ በሥርዓት አጠፈችው፣ የኮንቬየሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ወደ በሩ ሄደች። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ ይዛ ስትሄድ ታይታ አታውቅም። ልይዛት ተከተልኳት፤ ክንዷን መነጨቀችኝ።

ቤት ስደርስ ጠብታውን ራሷ ስታደርግ አገኘኋት። ጠብታው ዐይኗን ስቶ በጉንጯ ላይ ይወርዳል። ላግዝሽ አልኳት። ብልቃጡን ወደ ደረቷ ሸሸገችው።

"ትከሻዬን ነፋስ መታኝ ያልሽው ለዚህ ነበር?"

"አዎ።"

"ከኋላዬ ታነሺ ነበር?"

"አዎ።"

"ስንቱን?"

መዋሸት እችል ነበር። እሷም እንድዋሽ የምትጠብቅ ይመስል ጆሮዋን ወደ እኔ አዘንብላለች። ግን ሰልችቶኝ ነበር። "የበሰበሰ አንድም አላለፈሽም" አልኳት። "ቀለሙ ያልሞላውንና የተሰነጠቀውን ግን… ግማሹን።"

"ግማሹን" አለች።

"እታለም፣ ላንቺ ብዬ እኮ ነው።"

"ለኔ ብለሽ ቢሆን ለኔ ትነግሪኝ ነበር። እኔ ሥራ ላይ ያለሁ መስሎኝ ነው ጠዋት ጠዋት እየተጣደፍኩ የምነሳው። እንደ ሕፃን ስታጫውቱኝ ኖራችኋል። ራዲዮ እንኳ አወቀች። ራዲዮ! እሷ ያወቀችውን ያላወቀ ሰፈር አለ?"

"እኔ አልነገርኳትም።"

"ስላልተነገራት ነው ያልተናገረችው" አለች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለታችንም እንስቅበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆንን። በአንድ ጣሪያ ሥር እያለን "እራት ቀርቧል" ከማለት በቀር ቃል የለም። እኔም ደረቅ ነኝ፤ ይቅርታ በይ የሚለኝ ሰው የለም እንጂ ቢኖርም አልልም ነበር። እሷ ደግሞ የኔ አሳዳጊ ናት፤ ድርቅናውን ከማን የወረስኩት ይመስላችኋል?

እኔም እወጣለሁ ያልኩት ቀርቶ አንድ ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ አለቃው መጣና "እህትሽ ቢሮዬ ነበሩ" አለኝ። "ብቻቸውን እንዴት መጡ?"

እኔ በምን አውቄ? አውቶቡሱን ሰው እየጠየቀች ተሳፍራ፣ መንገዱን ሰው እየጠየቀች ተሻግራ መጥታለች። እኔን ሳትጠይቅ መንገደኛውን ሁሉ ጠይቃ። ተናደድኩ። ያን ቀን ያሳለፍኩትን ፖም አላስታውስም።

የለመነችው ነገር የለም። ካርቶን የሚታጠፍበት ጠረጴዛ ሰው ጎድሎት ነበር፤ እሱን ሰምታ ኖሮ እጅ እንጂ ዐይን የሚፈልግ ሥራ አይደለም፣ ሞክረኝ አለችው። ሞከራት። ጠፍጣፋው ካርቶን ይመጣል፣ ጎኑ ይነሳል፣ የታችኛው ክዳን እርስ በርሱ ይቆላለፋል። በመጀመሪያው ቀን የሠራችው አንዱ ከታች ተከፈተና ፖሙ መሬት ላይ ተበተነ። የጠረጴዛው ሴቶች በዝምታ ሊለቅሙ ጎንበስ አሉ።

"የማን ነው?" አለች።

"ግድ የለም እትዬ፣ እናነሳዋለን።"

"ማንሳቱን አንሱት። የማን ነው ያልኩት።"

"የእርስዎ።"

"አምጡልኝ።" ካርቶኑን ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ክዳኑ የቱ ጋ እንዳልገባ አገኘችው። "ሲከፈት ንገሩኝ። ዝም ብላ ከኋላዬ የምታስተካክል ካገኘሁ እጇን በማጣበቂያ ነው የማጣብቀው" አለች። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ሰማሁ። እንድሰማው ነው የተናገረችው።

ካሜራው ደግሞ ቀረ። አለቃው ወደደውና ገዛው። ባለ ሳጥኑ ባዶ እጁን ሲሄድ እንግዳ ሆኖብን አየነው። አሁን እኛ የለቀምነውን ካሜራው እንደገና ያየዋል፤ ያልወደደውን ከሥር ያለች ቧንቧ ጵፍ ብላ በአየር ገፍታ ትጥለዋለች። በግራ አንድ ቧንቧ፣ በቀኝ አንድ ቧንቧ። ከዚህ በፊት እኔን ያለፈኝ ነገር እስከ ገዢው ድረስ አይታይብኝም ነበር። አሁን ስስት ወዲያው ጵፍ ይላል። አንዳንዱን አንስቼ አየዋለሁ፤ ሦስቴ አገላብጬው ምንም የለበትም፤ ትቼው ካደረ ግን ይበላሻል። በመጀመሪያ ሰሞን ከማሽኑ ጋር ተጨቃጨቅሁ። ማሽን አይመልስም፤ ጵፍ ይላል ብቻ።

የካርቶኑ ጠረጴዛ ደግሞ ከግራው ቧንቧ አጠገብ ነው።

አንድ ቀን ማታ ወደ ቤት ስንሄድ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ እታለም ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብላ ከርማ "ዛሬ በግራ ብዙ ነፋ" አለች።

"የራዲዮ ነው።"

"ራዲዮ ዛሬ አልመጣችም። ስላልመጣች ነው በደንብ የሰማሁት።"

አውቶቡሱ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ።

"ከኋላ ሲያርሙሽ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ያናድዳል።"

"ያናድዳል አይደል?"

"ግን ቢያንስ ይነግረኛል" አልኳት።

ወደ እኔ ዞረች። ቤት ስንገባ ራሷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ተቀመጠችና ብልቃጡን ወደ እኔ ዘረጋችው። ጠብታውን አደረግሁላት።